ተሳፋሪው ሳይጠይቅ እንዲሳፈር፦ የከተማ አውቶቡስ ፌርማታ መረጃን ለማሻሻል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ፌርማታ ላይ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ከሚጠብቁት መካከል አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። «ይሄ ወደ መሃል ከተማ ይሄዳል?» «በፊት እዚህ ነበር የሚቆመው፤ አሁን ማዶ ሳይሆን አይቀርም።» «የመጨረሻው አልፏል እንዴ?» መረዳዳቱ ደስ ቢያሰኝም፣ ሰሌዳው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ተሳፋሪዎቹ ተካፍለው እየሠሩለት መሆኑን ያሳያል። መስመሩን የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ በማይኖርበት ሰዓት፣ ወይም ተሳፋሪው ለከተማው እንግዳ፣ መስማት የተሳነው ወይም መጠየቅ የሚከብደው በሚሆንበት ጊዜ ግን ያ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በከተማ ትራንስፖርት ቢሮ፣ በአውቶቡስ ድርጅት ወይም በማዘጋጃ ቤት ውስጥ ፌርማታዎችን ለሚመለከት ባለሙያ ነው፤ ሆኖም የሠፈሩን ፌርማታ ለማሻሻል የሚነሳ የነዋሪዎች ስብስብም የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በራሱ ሊሠራቸው ይችላል። አቋሜን ከመነሻው ልግለጽ፦ የፌርማታ መረጃ ይሻሻል ሲባል ብዙዎች ወዲያው የሚታያቸው ደቂቃ የሚቆጥር ስክሪን ነው። ስም በሌለው፣ የትኞቹ መስመሮች እንደሚቆሙበት እንኳ ባልተጻፈበት ፌርማታ ላይ ስክሪን መትከል ግን መሠረት ሳይወጣ ጣሪያ እንደ ማዋቀር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከምሰሶውና ከጽሑፉ ይጀምራል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ወደ መጨረሻው ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ፌርማታው ላይ ቆመው ይመልከቱ

ሥራው ከቢሮ አይጀመርም። የተለያየ ጠባይ ያላቸው ጥቂት ፌርማታዎችን ይምረጡ፦ አንድ ብዙ መስመር የሚገናኝበት፣ አንድ በመኖሪያ ሠፈር ውስጥ ያለ፣ አንድ ከሆስፒታል ወይም ከትምህርት ቤት አጠገብ ያለ፣ አንድ ደግሞ በከተማው ዳር የሚገኝ። በእያንዳንዱ ላይ በጠዋቱ የሥራ መግቢያ፣ በቀን፣ በመውጫ ሰዓትና ከጨለመ በኋላ ይቁሙ። የማታው ጉብኝት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ቀን ላይ ጥሩ የሚመስል ሰሌዳ ማታ ጭራሽ የማይነበብ መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በቆሙበት ሰዓት ሰዎች እርስ በርሳቸው፣ ሹፌሩን ወይም ትኬት ቆራጩን የሚጠይቁትን ጥያቄ አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ ይቁጠሩ። ጥያቄዎቹ ብዙ ቢመስሉም ሲጠቃለሉ በጥቂት ክፍል ይወድቃሉ፦ የት ነኝ፣ የምፈልገው አውቶቡስ እዚህ ይቆማል ወይ፣ በየትኛው አቅጣጫ ይሄዳል፣ መቼ ይመጣል፣ የት ልውረድ፣ ስንት ልክፈል፣ ዛሬ የተለወጠ ነገር አለ ወይ። የትኛው ጥያቄ በየትኛው ፌርማታ ላይ እንደሚበዛ ማወቅ በኋላ ገንዘቡ የት ላይ ይውጣ ለሚለው ክርክር ከማንኛውም አስተያየት የበለጠ ማስረጃ ይሆናል። የቆጠራ ወረቀቱን አይጣሉት፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ይፈለጋል።

ቀጥሎ የሁሉንም ፌርማታ መዝገብ ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ፌርማታ የጂፒኤስ መገኛውን፣ በመንገዱ የትኛው ወገን እንዳለ፣ የሚቆሙበትን መስመሮች፣ ምሰሶ፣ መጠለያ፣ መቀመጫና መብራት መኖር አለመኖሩን፣ አሁን ያለውን ጽሑፍ ይዘትና ሁኔታ ይመዝግቡ፤ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ያንሱ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ፌርማታዎች ሁለት መዝገብ እንጂ አንድ መዝገብ እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ። ይህን የሚዘነጋ መዝገብ በኋላ ተሳፋሪውን በተሳሳተ ወገን ያቆመዋል።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ፌርማታ ስምና ቁጥር ይስጡ

የስም ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ስም የሌለው ፌርማታ ሊታወጅ፣ በካርታ ላይ ሊጻፍ፣ በስልክ ሊነገር ወይም በቅሬታ ውስጥ ሊጠቀስ አይችልም። ጥሩ ስም ነዋሪው አስቀድሞ የሚጠራው ነው። ቢሮው ከወረቀት ላይ አዲስ ስም ቢያወጣም ሕዝቡ የለመደውን ሲጠራ ይኖራል፤ ሰሌዳውና አፉ ተለያይተው ሲቀሩ ደግሞ የሚቸገረው እንግዳው ነው።

ስም ሲመርጡ ቶሎ የማይለወጥ ምልክት ላይ ይመሥርቱት። ድልድይ፣ አደባባይ፣ ሆስፒታል፣ ቤተ እምነት፣ ትልቅ ትምህርት ቤት ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ ሱቅና ሆቴል ግን ባለቤት ይለውጣሉ፣ ይዘጋሉ፣ ስማቸውም አብሮ ይሄዳል። በአንድ መስመር ላይ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ስሞች እንዳይኖሩ ይጠንቀቁ፤ በአንድ ቃል የሚጀምሩ ሦስት ተከታታይ ፌርማታዎች በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ በድምፅ ሲታወጁ የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። ስሙ ሲጸድቅ በሰሌዳው፣ በካርታው፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ማስታወቂያና በስልክ መተግበሪያው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል አጻጻፍ መግባት አለበት። ይህን ለማስከበር የስሞቹ ዝርዝር በአንድ ሰው ኃላፊነት በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥና ሁሉም ከዚያ ይቅዳ።

ከስሙ ጎን አጭር የመለያ ቁጥር ይስጡ። ቁጥሩ ለዚያ ምሰሶ ብቻ የተሰጠ ይሁን፤ ፌርማታው ቢነሳ እንኳ ለሌላ አይዛወር። ተሳፋሪው በስልክ ሲደውል፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሲልክ፣ የተሰበረ መስታወት ሲያሳውቅ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። በአንድ መገናኛ ዙሪያ ብዙ ፌርማታ በሚኖርበት ጊዜ ደግሞ ለእያንዳንዱ ምሰሶ በትልቁ የሚጻፍ አንድ ፊደል መጨመር ጠቃሚ ነው። ለንደን ውስጥ በምሰሶው አናት ላይ የሚታዩት ፊደላት ለዚህ የተደረጉ ናቸው፤ «በአደባባዩ ላይ ከሚገኘው ‹ለ› ፌርማታ ተሳፈር» ማለት «ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ከዛፉ ሥር» ከማለት ያድናል።

ደረጃ 3፦ መረጃውን በርቀት ይከፋፍሉ

አንድ ሰሌዳ ለሦስት አንባቢ ይጻፋል። የመጀመሪያው በሩቅ ሆኖ ፌርማታው የት እንዳለ የሚፈልግ ነው፤ እርሱ የሚያስፈልገው ከማስታወቂያና ከሱቅ ጽሑፍ ተለይቶ የሚታይ፣ በመላው ከተማ አንድ ዓይነት የሆነ ምልክት ብቻ ነው። ሁለተኛው ወደ ፌርማታው እየቀረበ ወይም እየሮጠ ያለ ነው፤ እርሱ የመስመር ቁጥርና አቅጣጫ ይፈልጋል። ሦስተኛው ደርሶ የቆመ፣ ጊዜ ያለው አንባቢ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳው፣ ካርታው፣ ታሪፉና የቅሬታ ስልኩ ለእርሱ ነው። ሦስቱን በአንድ መጠን በአንድ ቦታ መጻፍ ለሦስቱም አለመጻፍ ነው።

ለፊደል መጠን የሚያገለግል ቀላል መነሻ የንባብ ርቀቱን ለ200 ማካፈል ነው። ከ20 ሜትር መነበብ ያለበት የመስመር ቁጥር ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከ10 ሜትር የሚነበብ የመድረሻ ስም 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቀርበው የሚያነቡት የጊዜ ሰሌዳ በዚህ ስሌት እጅግ አነስተኛ ፊደል ሊፈቅድ ቢችልም፣ የማየት አቅማቸው የደከመ ሰዎችን አስበው ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር አይውረዱ። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በ፣ ቡ፣ ቢ እና ባ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ወይም በእግር ርዝመት ስለሆነ፣ ቀጭን ወይም የተጠጋጋ ፊደል ከሩቅ ሲታይ አንዱ ከሌላው ይደባለቃል። ስለዚህ ቅርጹ ግልጽ፣ ውፍረቱ መካከለኛ የሆነ የፊደል ዓይነት ይምረጡ፤ በፊደላቱ መካከል በቂ ክፍተት ይተዉ፤ ከማሳተምዎ በፊት በትክክለኛው መጠን አንድ ናሙና አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ከታሰበው ርቀት ቆመው ያንብቡት። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የማይነበብ ጽሑፍ የለም፤ ችግሩ የሚታየው መንገድ ላይ ነው።

መስመሮችን በቀለም መለየት ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን መረጃ እንዲሸከም አይፍቀዱ። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም፤ ቀለም ደግሞ በፀሐይ ይለቃል። ከቀለሙ ጋር ቁጥሩ ሁልጊዜ ይኑር።

አቅጣጫን በተመለከተ የመጨረሻውን መድረሻ ብቻ መጻፍ አይበቃም። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ሠፈር የማያውቅ ሰው ሊሄድበት የሚፈልገው ቦታ በመንገዱ ላይ ይሁን አይሁን ሊገምት አይችልም። ቁጥር፣ መድረሻና ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ «በ... በኩል» ቦታዎች ቢጻፉ ትልቁ ጥያቄ ይመለሳል። በአውቶቡሱ ግንባር ላይ ያለው ታፔላም ከፌርማታው ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል መመሳሰል አለበት፤ ሰሌዳው አንድ ስም፣ ታፔላው ሌላ ስም ካለ ሁለቱም ትክክል ቢሆኑ እንኳ ተሳፋሪው አይሳፈርም።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን በሐቀኝነት ይጻፉ

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መስመሮችን መለየት ያስፈልጋል። አውቶቡሱ በየ10 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በሚመጣበት መስመር ላይ አብዛኛው ሰው ሰዓት ሳያይ ይመጣል፤ ለእርሱ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በየ8 ደቂቃው» የሚል አጭር መስመር ይበቃዋል፤ በደቂቃ የተደረደረ ረጅም ሠንጠረዥ ዓይን ማድከሚያ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ ለሚመጣ አውቶቡስ ግን «በየ30 ደቂቃው» ማለት ግማሽ መልስ ነው፤ ስንት ደቂቃ ላይ እንደሚያልፍ መጻፍ አለበት። የሚጻፈውም አውቶቡሱ ከተርሚናል የሚነሳበት ሳይሆን በዚያ ፌርማታ የሚያልፍበት ሰዓት ነው። አንዱን የተርሚናል ሠንጠረዥ አባዝቶ በሁሉም ምሰሶ ላይ መለጠፍ ለአታሚው ይቀላል፤ ስሌቱን ግን ለተሳፋሪው ያሸክመዋል።

በሁለቱም ዓይነት መስመር ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓት በጉልህ ይጻፍ። ከሁሉም የመረጃ ስህተት ከባዱ፣ ያለፈውን የመጨረሻ አውቶቡስ በጨለማ ማስጠበቅ ነው። የሥራ ቀን፣ የቅዳሜ፣ የእሑድና የበዓል ልዩነት ካለ ለየብቻ ይቀመጥ፤ በከተማው ከአንድ በላይ የሰዓት አቆጣጠር ወይም ቋንቋ በጥቅም ላይ ከሆነ በየትኛው እንደተጻፈ በግልጽ ይታይ። ከግርጌ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የሚሠራ» የሚል ቀን ይኑር፤ ቀን የሌለው የጊዜ ሰሌዳ አዲስ ይሁን አሮጌ ማንም አያውቅም።

ድግግሞሽን ከመጻፍዎ በፊት ስምሪት ክፍሉ በእርግጥ ያንን ይጠብቅ እንደሆነ ያረጋግጡ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በሰዓት 6 አውቶቡሶች በየ10 ደቂቃው ተመጣጥነው ቢመጡ፣ በዘፈቀደ የደረሰ ተሳፋሪ በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚሁ 6 አውቶቡሶች ሁለት ሁለት ሆነው ተከታትለው በየ20 ደቂቃው ቢመጡ ግን አማካዩ 10 ደቂቃ ይሆናል። የአውቶቡሱ ቁጥር አልቀነሰም፤ የተሳፋሪው ጥበቃ ግን በእጥፍ አድጓል፤ «በየ10 ደቂቃው» የሚለው ጽሑፍም ሐሰት ሆኗል። መጠበቅ የማይቻለውን ከመጻፍ «በየ10 እስከ 20 ደቂቃው» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ካርታውን ከፌርማታው አንጻር ይሥሩ

የመላው ከተማ የአውቶቡስ ካርታ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ፌርማታ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ መስመሮቹ እንደ ድር ተጠላልፈው መነሻው ራሱ ይጠፋል። ተሳፋሪው ማወቅ የሚፈልገው «ከዚህ ተነስቼ የት መድረስ እችላለሁ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ከዚያ ፌርማታ የሚነሱትን መስመሮች ብቻ የያዘ፣ ያለበትን ቦታ በመሃል ያደረገ ንድፍ ይዘጋጅ። ሃሪ ቤክ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመው የለንደን ምድር ባቡር ካርታ ያስተማረው ትልቅ ነገር፣ ተሳፋሪው የመንገዱን ጥምዝምዝ ሳይሆን የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተልና የመቀየሪያ ቦታዎችን እንደሚፈልግ ነው። ለአውቶቡስም የመስመሩን ፌርማታዎች በቅደም ተከተል የሚያሳይ ቀጥ ያለ ንድፍ በቂ ነው፤ በየመቀየሪያው የሌሎቹ መስመሮች ቁጥር ይጻፍበት፤ «እዚህ ነዎት» የሚል ምልክት አይጥፋው።

ቦታ ካለ የአካባቢው የእግር መንገድ ካርታ ይጨመር። ይህ ከንድፉ በተቃራኒ ርቀትን ጠብቆ መሣል አለበት። በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው በ5 ደቂቃ 400 ሜትር ይሄዳል፤ በዚህ ርቀት ክብ ማስመር ከመለኪያ ቁጥር ይልቅ ይገባል። ካርታው አንባቢው ፊቱን ካዞረበት አቅጣጫ ጋር ተገጣጥሞ ቢሣል፣ ማለትም ከፊቱ ያለው ላይ፣ በቀኙ ያለው በቀኝ ቢሆን፣ ሰሜን ሁልጊዜ ላይ ከሆነው ካርታ ይልቅ ለቆመ ሰው ይቀላል። ለዚህ ግን እያንዳንዱ ሰሌዳ ወደየት እንደሚመለከት በመዝገቡ ላይ መግባት ይኖርበታል።

ደረጃ 6፦ የሚቆምበትን ቦታና ከፍታ ይወስኑ

የምሰሶው ሰሌዳ ለመንገዱ ተሻጋሪ ሆኖ ይተከል፤ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሆነ ሰሌዳ የሚታየው ከፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ብቻ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ሰሌዳ የታችኛው ጠርዙ ከ2.1 ሜትር በላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ማየት የተሳነው ሰው በጭንቅላቱ ያገኘዋል። ቀርበው የሚያነቡት ሰሌዳ ደግሞ ቆሞ ለሚያነብም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀምም መድረስ ስላለበት፣ ዋናው ጽሑፍ ከመሬት በግምት በ90 ሴንቲ ሜትርና በ1.7 ሜትር መካከል ቢሆን ሁለቱንም ያስማማል። ከፊቱ መቀመጫ፣ ቆሻሻ መጣያ ወይም የሊስትሮ ሳጥን እንዳይቀመጥ ቦታው ነጻ ይሁን።

የመጠለያ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ለንግድ ማስታወቂያ ይሸጣል። ገቢው መጠለያውን ለማደስ የሚረዳ ከሆነ አልቃወምም፤ ነገር ግን ማስታወቂያው አውቶቡሱ ከሚመጣበት ወገን ያለውን ግድግዳ ከሸፈነ፣ ተጠባባቂው አውቶቡሱን ለማየት ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ያ ወገን ግልጽ መስታወት ይሁን ወይም ባዶ ይቀመጥ።

ደረጃ 7፦ በዓይን ብቻ አይመኩ

ማንኛውም አስፈላጊ መረጃ ቢያንስ በሁለት የስሜት ሕዋሳት መድረስ አለበት። በምሰሶው ላይ በብሬይል ወይም በሚዳሰስ ጎላ ባለ ጽሑፍ የሚለጠፈው የፌርማታ ስምና ቁጥር በሁሉም ምሰሶዎች ላይ በአንድ ከፍታና በአንድ ወገን ይሁን፤ የት እንደሚፈለግ ካልታወቀ ብሬይል መኖሩ አይጠቅምም። በመሬቱ ላይ የሚዳሰስ ንጣፍ ወደ መሳፈሪያው በር እንዲመራ ማድረግ፣ ቁልፍ ሲጫኑ ቀጣዮቹን አውቶቡሶች በድምፅ የሚናገር መሣሪያ መትከል፣ አውቶቡሱም በሩን ሲከፍት ቁጥሩንና አቅጣጫውን ወደ ውጭ እንዲናገር ማድረግ እያንዳንዳቸው የተለያየ ወጪ አላቸው። ገንዘብ ከሌለ ሹፌሩ በሩን ሲከፍት ቁጥሩንና መድረሻውን በድምፅ እንዲናገር ማሠልጠን ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

ደረጃ 8፦ አሁን ወደ ስክሪኑ

የቀጥታ መረጃ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው፦ በአውቶቡሱ ላይ ያለ የጂፒኤስ መሣሪያ ያለበትን ቦታ በየጥቂት ሴኮንዱ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል፤ ማዕከሉ አውቶቡሱ በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ምልልስ ላይ እንዳለ ከስምሪቱ ጋር ያገናዝባል፤ ቀሪውን ርቀትና የመንገዱን ፍጥነት አይቶ የሚደርስበትን ደቂቃ ይገምታል፤ ግምቱንም ወደ ስክሪኖችና ስልኮች ያሠራጫል። ከእነዚህ ደረጃዎች ደካማው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሹፌሩ የተመደበበትን መስመር በመሣሪያው ላይ ካላስገባ ወይም ስምሪቱ በወረቀት ተለውጦ በሲስተሙ ካልተለወጠ፣ ጂፒኤሱ በትክክል ቢሠራም ስክሪኑ የሌለ አውቶቡስ ያሳያል። ስለዚህ ስክሪን ከመግዛትዎ በፊት የስምሪት ሥርዓቱን ያስተካክሉ።

መረጃውን በራስዎ ቅርጽ አያስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካዋ የፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት ትራይሜት ከጉግል ጋር የጀመሩት፣ ዛሬ ጂቲኤፍኤስ የሚባለው ደረጃ፣ የፌርማታዎችን፣ የመስመሮችንና የሰዓቶችን ዝርዝር በቀላል የጽሑፍ ፋይሎች ያስቀምጣል፤ የቀጥታ መረጃ የሚያስተላልፈው ተጓዳኙም ተጨምሮበታል። በዚህ ደረጃ የተዘጋጀ መረጃ በብዙ የካርታ መተግበሪያዎች በቀጥታ ይነበባል። መደበኛ የጊዜ ሰሌዳ ለሌላቸው መስመሮችም ቢሆን እንደሚሠራ ማታቱ በሚባሉት የናይሮቢ የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶች ላይ የተካሄደው ዲጂታል ማታቱስ የተባለው ፕሮጀክት አሳይቷል፤ ተማሪዎች በስልክ ጂፒኤስ እየተጓዙ የሰበሰቡት መረጃ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ካርታም ወጥቶታል። በደረጃ 1 እና 2 ያዘጋጁት መዝገብ የዚህ ፋይል ዋና አካል ነው፤ ተጨማሪ ሥራ አይደለም።

የቀጥታ መረጃ ጥቅሙ አውቶቡሱን ማፍጠን አይደለም። በሲያትል አካባቢ ዋንባስአዌይ የተባለውን የስልክ አገልግሎት የሚጠቀሙ ተሳፋሪዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳተሙት፣ ቀጥታ መረጃ የሌላቸው ሰዎች የጠበቁት ጊዜ ከእውነተኛው ረዝሞ ይሰማቸው ነበር፤ መረጃው ያላቸው ግን የሚሰማቸው ከእውነተኛው አይበልጥም ነበር። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ስክሪኑ ሲታመን ነው። እኔ ራሴ «3 ደቂቃ» የሚል ስክሪን ሥር ከሩብ ሰዓት በላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ስክሪን ቀና ብዬ አላየሁትም። ለመታመን የሚከተሉትን ይጠብቁ። ከጂፒኤስ የመጣውን ግምት ከታቀደው ሰዓት በምልክት ይለዩ። ግምቱን ወደ ታች ያጠጋጉ፤ አውቶቡሱ ከተነገረው ቀድሞ ከደረሰ በስልኩ እያየ ከቤት የሚወጣው ሰው ያመልጠዋል፣ ጥቂት ቢዘገይ ግን ጥቂት መጠበቅ ብቻ ነው። ከአውቶቡሱ ምልክት ከተቋረጠ የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ከመቀጠል ወደ ታቀደው ሰዓት ይመለስ። የተሰረዘ ምልልስ በዝምታ አይጥፋ፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ይጻፍ።

ስክሪኑን ሲመርጡ ኃይልና ፀሐይ ይታሰቡ። ከስልክ ጋር የሚመሳሰለው የኤልሲዲ ስክሪን ብዙ መረጃ ይይዛል፤ በቀጥታ ፀሐይ ለመነበብ ግን ጠንካራ ብርሃንና ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የኤልኢዲ ሰሌዳ ከሩቅ ይታያል፤ የሚይዘው ጽሑፍ ግን ውስን ነው። ኤሌክትሮኒክ ወረቀት የሚባለው ምስሉ ሲለወጥ ብቻ ኃይል ስለሚወስድና በፀሐይ ብርሃን ጥርት ብሎ ስለሚነበብ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልተዘረጋበት ቦታ በትንሽ የፀሐይ ፓኔል ሊሠራ ይችላል፤ ለማታ ግን መብራት ይጨመርለታል።

ስክሪን ለማይደርሳቸው ፌርማታዎች የመለያ ቁጥሩን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ልኮ ቀጣዮቹን አውቶቡሶች ማወቅ የሚያስችል አገልግሎት በተራ ስልክም ይሠራል። ኪውአር ኮድ ከተጠቀሙ ከሰሌዳው ጋር አብሮ ይታተም፤ በተለጣፊ ከተደረገ አጭበርባሪ የራሱን በላዩ ሊለጥፍበት ይችላል። ከኮዱ ሥር አድራሻውና የፌርማታው ቁጥር በጽሑፍ ይኑር።

ደረጃ 9፦ ለውጥና መቋረጥን አስቀድመው ያሳውቁ

መንገድ ሲቆፈር፣ ሰልፍ ወይም በዓል ሲኖር ፌርማታ ይዘጋል፤ ተሳፋሪው ግን በልማድ ይመጣል። በምሰሶው ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ከምክንያቱ ይልቅ መፍትሔውን ያስቀድም፦ «ይህ ፌርማታ ከሰኞ እስከ ዓርብ አይሠራም፤ ከ150 ሜትር በኋላ ከድልድዩ አጠገብ ይሳፈሩ» የሚለው «በመንገድ ሥራ ምክንያት ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ከሚለው ይበልጣል። ቀስት ይጨመርበት። ከጥቂት ቀናት በፊት ይለጠፍ፤ ጊዜው ሲያልፍ በተመደበ ሰው እጅ ይነሳ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ተለጥፎ የሚቆይ ማስታወቂያ ቀጣዩንም የማይነበብ ያደርገዋል።

ደረጃ 10፦ ባለቤት ይሰይሙ፤ ከዚያም ይለኩ

ሰሌዳው በተተከለ በዓመቱ የሚያበላሸው ዝናብ ወይም ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ መስመር ተለውጦ ሰሌዳው አለመለወጡ ነው። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የመስመር ለውጥ የሚወስነው ክፍልና ሰሌዳ የሚያሳትመው ክፍል የተለያዩ ስለሆኑ ነው። መፍትሔው የአሠራር ደንብ ነው፦ የትኛውም የመስመር ወይም የሰዓት ለውጥ የሚነካቸው ፌርማታዎች ዝርዝር ካልተያያዘበትና የመለጠፊያው ቀን ካልተቆረጠ አይጸድቅም። ጽሑፉ በሚተካ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ተሠርቶ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ቢገባ፣ ለአንድ ቁጥር ለውጥ ሙሉ ብረት ማሠራት አያስፈልግም። ሹፌሮችና ተቆጣጣሪዎች በየቀኑ በፌርማታዎቹ ያልፋሉ፤ የተበላሸውን በመለያ ቁጥሩ የሚያሳውቁበት አጭር መንገድ ይሰጣቸው፤ ለተሳፋሪውም ያው ስልክ ቁጥር በሰሌዳው ላይ ይጻፍለት።

ሥራው መጥቀሙን ለማወቅ ሁለት ቀላል መለኪያዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ፈተና ነው፦ አካባቢውን የማያውቁ ጥቂት ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል አረጋውያንና የማየት ችግር ያለባቸው፣ ወደ ፌርማታው ይምጡና ማንንም ሳይጠይቁ ሦስት ነገር እንዲመልሱ ይደረግ፦ ወደ ተባለው ቦታ የሚወስደው አውቶቡስ ስንት ቁጥር ነው፣ የሚሳፈሩት በዚህ ወገን ነው ወይስ ማዶ፣ የመጨረሻው ስንት ሰዓት ነው። የት ላይ እንደተደናገሩና ዓይናቸው መጀመሪያ የት እንዳረፈ ይመዝግቡ። ሁለተኛው በደረጃ 1 የተቀመጠውን የቆጠራ ወረቀት አውጥቶ፣ በዚያው ፌርማታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የሳምንቱ ቀን እንደገና መቁጠር ነው። «ይሄ ወደ... ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ አሁንም ከሁሉም የሚበዛ ከሆነ ስህተቱ በአቅጣጫው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ለቀሪዎቹ ፌርማታዎች የሚታተመው ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት «በ... በኩል» የሚለውን መስመር እንደገና ይጻፉት።